ፍሬሙ ይቅደም

ያነበብኩት አንድ የብስክሌት ጽሑፍ ከአሮጌና ከትርፍ ዕቃ ብስክሌት የሚገጣጥም ሰው መጀመሪያ ጎማዎቹን ይፈልግ ይላል። እኔ ግን ፍሬሙ (የብስክሌቱ አጽም) ይቅደም ባይ ነኝ፤ ሌላው ሁሉ የሚመረጠው በእሱ ልክ ነውና። በተለይ የኋላ ጎማ የሚገባበትን ክፍተት ከውስጥ ወደ ውስጥ ለኩት። የድሮዎቹ የመንገድ ብስክሌቶች በአብዛኛው 120 ወይም 126 ሚሊ ሜትር ናቸው፤ ኋላ የመጡት 130፣ የተራራዎቹ ደግሞ 135። ፍሬሙ ብረት ከሆነ 126ቱን በጥንቃቄ ከፍቶ 130 ማድረስ ይቻላል። አሉሚኒየም ከሆነ ግን እባካችሁ አትሞክሩት፣ ሊሰነጠቅ ይችላል።

ፔዳል ስትፈቱ የግራው የብሎን ጥርስ ተገላቢጦሽ ነው፤ የሚላላው ወደ ሰዓት አቅጣጫ ሲዞር ነው። ይህን ባለማወቅ በጉልበት ታግለው ደህናውን ክራንክ (ፔዳሉ የሚታሰርበትን ክንድ) የሚያበላሹ ብዙ ናቸው፣ ያሳዝናል።

አሮጌ ካቴናም ሳትለኩ አትጠቀሙ። የአዲስ ካቴና 24 ዘለበት ርዝመቱ 304.8 ሚሊ ሜትር ነው። 306.4 ከደረሰ አልቋል ማለት ነው፤ ዝገት ባይኖረውም የማርሹን ጥርስ እየበላ ይጨርሰዋል። የፍሬን ሽቦና ላስቲክ ላይ ደግሞ ቁጠባ አያስፈልግም፣ አዲስ ግዙ። ጽሑፉ ስለ ፍሬን አንድም መስመር አለመጻፉ ቅር አሰኝቶኛል፤ ቢታከልበት ደስ ይለኛል።