ጀርባ ለሚሰጡ ጎብኚዎች የቀረበ ሙገሳ

አያቶቻችን ግቢ ተጠርተው ከንጉሥ ፊት ሲሰናበቱ ጀርባቸውን አይሰጡም ነበር። እጅ ነስተው፣ ፊታቸውን ወደ ዙፋኑ እንዳደረጉ፣ የኋሊት እየተራመዱ ነው በሩን የሚፈልጉት። እንዴት ያለ አድካሚ አክብሮት ነው! እኛ የልጅ ልጆቻቸው ግን ሠልጥነናል። ፈረንሳይ አገር፣ በሎዋር ወንዝ ዙሪያ የተኮለኮሉትን የነገሥታት ግንቦች ለማየት ያን ሁሉ መንገድ እንሄድና፣ ልክ ፊታቸው ስንደርስ ዞር ብለን ጀርባችንን እንሰጣቸዋለን። ስልኩ ከፍ፣ አገጭ ዝቅ፣ ፈገግታ፣ ቀጭ። ከዚያ ወደ መኪና።

ይህን ልማድ የሚያሙ ሰዎች አሉ። “ሳይገድሉ ጎፈሬ” ይላሉ። ምቀኝነት ነው። እኔ ባለፈው ነሐሴ ፓሪስ ዳር ከሚኖሩ ዘመዶቼ ጋር በባለ ዘጠኝ ወንበር ሚኒባስ ሄጄ ነገሩን ከቅርብ አጥንቼዋለሁ፤ ሙገሳ እንጂ ሐሜት የሚገባው ሆኖ አላገኘሁትም። ደግሞ የእኛ ሰው ብቻ አይደለም። ከዓለም ዙሪያ በአውቶቡስ የሚራገፈው ሁሉ ያው ነው፤ የእኛ የሚለየው በድፎ ዳቦው ብቻ ነው።

ዕቅዱ ራሱ የጀግና ዕቅድ ነበር፦ በአንድ ቀን አራት ቤተ መንግሥት። ሻምቦር፣ ብሏ፣ አምቧዝ፣ ሸኖንሶ። “ከሌሊቱ አሥራ አንድ ሰዓት ንቅንቅ!” ብለው ጋሼ፣ የአክስቴ ባል ማለቴ ነው፣ አወጁ። ሦስት ሰዓት ላይ ተነሣን። ድፎው አልበርድ ብሎ ነው። መንገድ ላይ አክስቴ መጸዳጃ ቤት ፈልጋ አንዲት ስሟን ያልያዝኩላት መንደር ውስጥ ትንሽ ቆምን፤ ከዚያ በኋላ ግን እስከ ሻምቦር ማንም አልወረደም።

ሻምቦርን ያስጀመሩት ቀዳማዊ ፍራንስዋ ናቸው፣ በ1519 (ዓመቱን ሁሉ እንደ ፈረንጆቹ ቁጠሩልኝ)። ከ400 በላይ ክፍሎች አሉት። የእሳት ምድጃው ብቻ 282 ነው። ግቢው 5,440 ሄክታር፣ የድንጋይ አጥሩ ደግሞ 32 ኪሎ ሜትር ነው፤ የፓሪስ ከተማን ግማሽ የሚያህል ግቢ ማለት ነው። እና ንጉሡ በ32 ዓመት ዘመነ መንግሥታቸው ስንት ቀን የተቀመጡበት ይመስላችኋል? ወደ 72 ቀን። ይኼን የሰማሁ ዕለት ነው የእኛ አርባ ደቂቃ እፍረቱ የለቀቀኝ። ባለቤቱ ራሱ ለታይታ አሠርቶት ለታይታ ብቅ እያለ የሄደበትን ቤት፣ እኛ በእርጋታ ካላያችሁት ተብለን የምንወቀስበት ምክንያት ምንድነው?

ከዚህም የሚብስ አለ። የፍራንስዋ ቤት ባዶ ነበር። ንጉሡ ሲመጡ አልጋው፣ መጋረጃው፣ ምንጣፉ፣ ሳህኑ ሁሉ ተጭኖ ይመጣል፤ ሲሄዱ ተነቃቅሎ ይሄዳል። በአካባቢው እስከ ሁለት ሺህ ለሚደርሰው አጃቢ ቀለብ የሚሸምቱበት ከተማ ስላልነበረ ምግቡም አብሮ ይጫናል። እንግዲህ ፈረንሳዮቹ ይህን የአባቶቻቸውን ወግ እርግፍ አድርገው ትተው ምግብ ቤት ሲሰለፉ፣ ወጉን ጠብቆ ያቆየው ማን ሆነ? ከሚኒባሱ የወረደውን ልቁጠርላችሁ፦ ድፎው፣ አንድ ድስት ዶሮ ወጥ በፎጣ ታስሮ፣ በላስቲክ የተጠቀለለ እንጀራ፣ ሁለት ፔርሙዝ ቡና፣ ተጣጣፊ ወንበር፣ ምንጣፍ። አክስቴ ሣሩ ላይ ምንጣፉን ዘርግታ፣ የፍራንስዋን ግንብ ከኋላዋ አድርጋ፣ ዶሮውን ስታወጣ ያየ ሰው ዘውዱ ወደ ማን እንደተላለፈ አይጠፋውም። ሲበሉ የትኛውም ዘመዴ ቀና ብሎ ግንቡን አላየም። ንጉሥ የገዛ ቤቱን አፍጥጦ ያያል እንዴ?

ወደ ውስጥ ለመግባት ትኬት የቆረጥነው አራታችን ብቻ ነን። የቀሩት “ከውጭ ይበቃል” አሉ፤ ውስጡ ብርሃን ስለሌለው ፎቶ አይወጣም በሚል ሙያዊ ምክንያት። እኛ የገባነው ደረጃውን ለማየት ነው። ሁለት ጠመዝማዛ ደረጃዎች በአንድ ክፍት ምሰሶ ዙሪያ እንደ ሹሩባ ተጠላልፈው ይወጣሉ። በአንዱ የሚወጣና በሌላው የሚወርድ ሰው በመሐል ባሉት መስኮቶች ይተያያሉ እንጂ አይገናኙም። ሐሳቡ የሊዮናርዶ ዳ ቪንቺ ሳይሆን አይቀርም ይባላል፤ ሰውዬው ግንባታው በተጀመረበት ዓመት ነው እዚያው አቅራቢያ አምቧዝ ላይ የሞተው።

ጋሼ አክስቴን ስትወጣ ሊቀርጿት ቀድመው በአንደኛው ደረጃ ወጡ። አክስቴ በሌላኛው ገባች። ስልኩ በጋሼ እጅ ነው፣ ፓወር ባንኩ በአክስቴ ቦርሳ። የመጀመሪያው መስኮት ላይ ተያዩ።

“አምስት ፐርሰንት ነው የቀረው! ነይ ቶሎ!”

“እየመጣሁ ነው እኮ! አንተ ቁም!”

ሁለተኛው መስኮት ላይ፣ “የት ነሽ?” “ከፊትህ ነኝ!” ሦስተኛው ላይ ጋሼ ታገሡና ወደ ታች መውረድ ጀመሩ፤ አክስቴ ይኼን ሳታውቅ ሽቅብ ሮጠች። አራተኛው መስኮት ላይ እሷ ከላይ እሳቸው ከታች ሆነው “አንተ ሰውዬ፣ ጤና የለህም?” ስትል አንድ የጣሊያን ቤተሰብ ቆሞ አጨበጨበላቸው። ያ ደረጃ ስንት የቤተ መንግሥት ጉድ አይቷል፤ ሠላሳ ዓመት የኖረን ትዳር ግን ፓወር ባንክ ሲለያየው ያየው መጀመሪያ ሳይሆን አይቀርም። ሊዮናርዶ ቢኖር አንድ የሚያገናኝ በር ይጨምርበት ነበር። ስልኩ እላይ ሰገነቱ ላይ ሳንደርስ ጠፋ። “በቃ እንውረድ” አሉ ጋሼ፤ “ምን ይታያል ከዚህ በኋላ።” ከሰገነቱ ላይ የሚታየው ያ የጭስ መውጫና የማማ ጫካ ሁሉ፣ ፎቶ ካልተነሣ አለ ይባላል?

ብሏን በመኪና መስኮት ጎበኘናት። በ1588 ሣልሳዊ ሄንሪ የጊዝን መስፍን ያስገደሉት በዚያ ግንብ ውስጥ ነው። እኛ መኪና ማቆሚያ አጣን።

አምቧዝ ላይ ግን ወጣቶቻችንን የማመሰግንበት ትልቅ ነገር አለ። በ1498 የፈረንሳይ ንጉሥ ስምንተኛው ሻርል የኳስ ጨዋታ ሊያዩ በዚህ ግንብ ውስጥ ሲያልፉ ግንባራቸውን የበር ጉበን መታቸው። ከጥቂት ሰዓት በኋላ ሞቱ። ገና የ27 ዓመት ሰው ነበሩ። ጣሊያን ድረስ ዘምተው የተመለሱ ንጉሥ በገዛ ቤታቸው በር! ምክንያቱ ግልጽ ነው፦ ሻርል ቀና ብለው ይሄዱ ነበር። የአክስቴ ልጆች በዚያው ግንብ በር ሁሉ ሲገቡና ሲወጡ ዋሉ፤ አንዳቸውም ጭረት አልነካቸውም። ዓይናቸው ስልክ ላይ ስለሆነ አንገታቸውን ደፍተው ነው የሚሄዱት። ንጉሡ ቲክቶክ ቢኖራቸው ኖሮ የፈረንሳይ ታሪክ በሌላ መንገድ በሄደ ነበር።

እዚያው ግቢ ውስጥ ባለችው ትንሽ ጸሎት ቤት የሊዮናርዶ መቃብር አለ። ሰው ተሰልፎ ይገባል፣ ሁለት ጣቱን ያወጣል፣ ይነሣል፣ ይወጣል። ሥርዓቱ ደስ ይላል፤ ሥላሴ ካቴድራል ለጸበል የተሰለፈ ይመስላል። አንዲት ፈረንሳዊት አሮጊት ብቻ ሥርዓቱን ረበሹ። አንድ ጥግ ቆመው፣ እጃቸውን ወደ ኋላ አጣምረው፣ በሩ ላይ ያለውን የድንጋይ ቅርጽ፣ ቀንዱ መሐል መስቀል የያዘውን አጋዘን፣ አንጋጠው ያዩታል። ገብተን ወጣን፣ ያያሉ። ማግኔት ገዝተን ተመለስን፣ አሁንም ያያሉ። አዘንኩላቸው። ስልካቸው ተሰርቆባቸው ይሆናል።

ሸኖንሶ ስንደርስ ፀሐይዋ አዘቅዝቃ ነበር፤ ለፎቶ ከዚያ የተሻለ ሰዓት የለም። ግንቡ ሼር የሚባለው ወንዝ ላይ እንደ ድልድይ ተጋድሞ የተሠራ ነው። ታሪኩን የአክስቴ ልጅ በሁለት ቃል ነገረችን፦ “የጣውንት ቤት።” ሐሰት አይደለም። ዳግማዊ ሄንሪ ቤቱን ሃያ ዓመት ያህል ለሚበልጧቸው ውሽማቸው ለዲያን ደ ፗትዬ ሰጡ። በ1559 ንጉሡ በፈረስ ጉግሥ ቆስለው ሲሞቱ፣ ባለ ሰባራ ልብ ሚስት ካትሪን ደ ሜዲቺ ሐዘኑን ተቀምጣ አልጨረሰችም፤ ውሽማይቱን “ሾሞን የሚባለውን ግንብ ውሰጂና ውጪልኝ” አለቻት። ይህቺን ስትሰማ አክስቴ ለመጀመሪያ ጊዜ ቀኑን ሙሉ ጀርባ የሰጠችውን ግንብ ዞራ አየችው። “ይበላት!” አለች። ማንኛዋን እንደሆነ አልጠየቅናትም፤ ጋሼ አጠገባችን ነበሩ።

ወንዙ ላይ የተዘረጋው አዳራሽ 60 ሜትር ይረዝማል። በአንደኛው የዓለም ጦርነት ሆስፒታል ሆኖ ከሁለት ሺህ በላይ ቁስለኛ ታክሞበታል። በሁለተኛው ጦርነት ደግሞ ወንዙ በጀርመን የተያዘውንና ያልተያዘውን ምድር የሚለይ ድንበር ሆኖ ነበር። የግንቡ ዋና በር በዚህኛው ወገን፣ የአዳራሹ የመጨረሻ በር በዚያኛው። ነፍሱን ይዞ በዚያ አዳራሽ ያለፈ ሰው አለ። የአክስቴ ልጅ በዚያው አዳራሽ በስሎሞሽን አለፈች። ሦስት ጊዜ። መጀመሪያ አንድ ሕፃን ገባባት፤ ሁለተኛው ላይ ቀሚሷ አልነፈሰም፤ ሦስተኛው ላይ ታናሽ ወንድሟ በካርቶን እያራገበላት ተሳካ። ሰው ሁሉ ግድግዳ ተጠግቶ በትዕግሥት ጠበቃት። የመጨረሻውን በር እጀታ ነክታ ተመለሰች፤ ወዲያኛው ወገን ዋይፋይ የለም።

ሲመሽ ጋሼ ወንዙ ዳር ቆመው እጃቸውን ኪሳቸው ከተቱ። “እኔን አይገርመኝም” አሉ። “ፋሲል ግንብን ያየ ሰው በዚህ አይደነቅም።”

“ጋሼ፣ ጎንደር መቼ ሄዱ?”

“ፎቶውን አይቼዋለሁ።”

እውነትም ጎንደር በዩኔስኮ መዝገብ የሰፈረው በ1979 ነው፤ ሻምቦር ሁለት ዓመት ቆይቶ ነው የደረሰበት። ጋሼ ይኼን ባያውቁትም ልባቸው ነግሯቸዋል። እና ፎቶ ይበቃል ማለታቸውን እደግፋለሁ። ፖንሴ የሚባል አንድ ምስኪን ፈረንሳዊ ሐኪም ነበር። አድያም ሰገድ ኢያሱን ሊያክም በ1698 ከካይሮ ተነሥቶ በስናር በኩል፣ የጉዞ ባልደረባው መንገድ ላይ ሞቶበት፣ ከዓመት በላይ ተጉዞ ጎንደር ገባ። ወራት ተቀመጠ። ግቢውን፣ ዙፋኑን፣ የንጉሡን አለባበስ አይቶ ሲመለስ መጽሐፍ የሚሞላ ወሬ ይዞ ሄደ። ምን ያድርግ፤ ካሜራ አልነበረውም፣ በዓይኑ ማየት ነበረበት።

ወደ ፓሪስ ስንመለስ ሚኒባሱ ውስጥ ፎቶ ማከፋፈል ተጀመረ። 1,140 ፎቶ። ችግሩ የትኛው የየትኛው ግንብ እንደሆነ አለመታወቁ ነው። “ይኼ ሻምቦር ነው።” “ሻምቦርማ ዶሮው አለበት።” “አምቧዝ ላይ መነጽሬን አውልቄ ነበር፣ ስለዚህ ይኼ ብሏ ነው።” “ብሏ አልወረድንም!” በመጨረሻ በአክስቴ ነጠላ አደራደር ለዩት፦ በአንድ ትከሻ ከሆነ ጠዋት፣ በሁለት ከሆነ ከሰዓት።

አክስቴ ከሁሉም አንዷን መርጣ ፌስቡክ ላይ ለቀቀቻት። ፊቷ ወለል ብሎ፣ ከኋላዋ ነጭ የድንጋይ ደረጃ፣ በሩ ላይ ባንዲራ፣ መስኮቱ ሁሉ አበባ። “ከነገሥታቱ ቤት” ብላ ጻፈችበት። አርፓዦን ሳንደርስ ሦስት መቶ ላይክ አለፈች። እኔ ፎቶዋን ጠጋ አድርጌ ሳያት በሩ ላይ የተጻፈውን አነበብኩት፦ ማዘጋጃ ቤት። ጠዋት መጸዳጃ ፍለጋ የቆምንባት መንደር ናት።

ምንም አልተናገርኩም። ወዲያው ከአዲስ አበባ የአክስቴ አብሮ አደግ ጻፈችላት፦ “እሰይ እቱ! የትኛው ንጉሥ ነው የኖረበት?”

አክስቴ ወደ ጋሼ ዞረች። ጋሼ ዓይናቸውን ከመንገዱ ሳያነሡ “ፍራንስዋ በያት” አሉ።