ከእጅ በፊት ዓይን ይሠልጥን

ጉልበቷን ያመማት ሴት ሕክምና አልጋ ላይ ትጋደማለች። ፊዚዮቴራፒስቱ ጉልበቷን አጥፎ ይዘረጋል፣ ይጫናል፣ ማሽን ያደርግላታል። የሚያማት ግን ደረጃ ስትወርድ ነው። ደረጃ ስትወርድ ያያት የለም።

የፊዚዮቴራፒ ከፍተኛ ሥልጠና ሲነሳ መጀመሪያ የምንጠይቀው "ምን አዲስ ቴክኒክ አለው?" ብለን ነው። እኔን ከጠየቃችሁኝ እጃችን ቴክኒክ አላጣም። ያልሠለጠነው ዓይናችን ነው።

ሴትየዋን ዝቅ ያለ ደረጃ ላይ አቁሟት። በአንድ እግሯ ቀስ ብላ ትውረድ። ጉልበቷ ወደ ውስጥ ሲገባ፣ ዳሌዋ በሌላው በኩል ዝቅ ሲል ታያላችሁ። ጀርመናዊው ቀዶ ሐኪም ትሬንደለንበርግ ይህን የዳሌ ዝቅ ማለት እ.ኤ.አ. በ1895 የገለጸው ታማሚዎቹን ቆመው በማየት ነው።

ማየት ብቻውን ግን አይበቃም። እንዲህ በሏት፦ "ጉልበትዎ በእግርዎ ሁለተኛ ጣት አቅጣጫ ይሁን፤ አሁን ይውረዱ። እንዴት ነው?" ሕመሙ ከቀለለ ፍንጭ ተገኘ። ካልቀለለ ግምታችሁን ጥላችሁ ሌላ ፈልጉ። የቤት ሥራዋም ተጋድሞ እግር ማንሳት ብቻ መሆን የለበትም፤ ያው በየቀኑ የምትወርደው ደረጃ ነው። አሜሪካዊቷ ፊዚዮቴራፒስት ሸርሊ ሳርማን የጀርባ ሕመምን ሳይቀር በሚቀሰቅሰው የእንቅስቃሴ አቅጣጫ መድባ አስተምራለች። ማጎንበስ ነው? መዞር? ወደ ኋላ መለጠጥ?

እዚህ ላይ አንድ ወጥመድ አለ፣ እኔም ገብቼበታለሁ። ዓይን ሲሠለጥን ሰው ሁሉ ጠማማ ይመስላል። እ.ኤ.አ. በ2015 የወጣ የጥናቶች ግምገማ ጀርባቸውን ጨርሶ የማያማቸውን ሰዎች የምስል ምርመራ አሰባስቦ ነበር። ከ20 ዓመት ወጣቶች 37 በመቶው፣ ከ80 ዓመት አዛውንቶች 96 በመቶው የዲስክ (በአከርካሪ አጥንቶች መካከል ያለው ትራስ) መዳከም ታይቶባቸዋል። በምስል ላይ እንዲህ ከሆነ፣ በአረማመድ ላይ ያየነው እያንዳንዱ ጉድለት ለምን በሽታ ይሆናል? በመጀመሪያው ቀን "ወገብዎ ተዛብቷል" የተባለ ሰው ዕቃ ለማንሳት ጎንበስ ማለት እየፈራ ይኖራል። ለዚህ ነው አስተካክሎ፣ አስደግሞ፣ እንደገና መጠየቅን የማያስተምር ሥልጠና ጉድለት ለቃሚ የሚያፈራው።

አሁን አሁን የቅዳሜና እሁድ ሰርተፍኬት በዝቷል። ከመመዝገቤ በፊት የምጠይቀው አንድ ነገር ነው፦ እኔ ታማሚ ስመረምር ከኋላዬ ቆሞ የሚያርመኝ ሰው አለ? "ስላይዱን እንልክልሃለን" ካሉኝ ገንዘቤ ኪሴ ውስጥ ይቆያል።