ቬነስን ማን ወነጨፋት?

ትናንት ቡና ላይ አንዱ ደግሞ ጀመረኝ። «ቬነስ እኮ የዛሬ 3,500 ዓመት ገደማ ከጁፒተር ሆድ ተተፍታ የወጣች ናት!» አሁንስ መረረኝ።

ጁፒተር ምን በልቶ ነው የሚያስታውከው? ከሱ ስበት ለማምለጥ በሰከንድ 60 ኪሎ ሜትር ገደማ መወንጨፍ ያስፈልጋል። ምድርን ልታክል ትንሽ የቀራትን ፕላኔት ማን ወነጨፋት? ዳዊት?

ደግሞ በአጠገባችን ስታልፍ ምድርን ከመሽከርከር አቆመቻት አሉ። ምድር እኮ ወገቧ ላይ በሰዓት 1,670 ኪሎ ሜትር ነው የምትሾረው! ሚኒባስ ድንገት ፍሬን ሲይዝ እንኳ ፊት ያለው ወንበር ላይ እንደፋለን። ውቅያኖሱስ? ዝም ብሎ ቆመ? ከዚያ መልሳ መዞር ጀመረች። ማን ገፋት? ረዳቱ ይሆናል።

ቬነስስ? ያን ሁሉ ረብሻ ፈጥራ ስታበቃ፣ ከፕላኔቶች ሁሉ ይበልጥ ክብ በሆነው ምህዋር ላይ ጨዋ ሆና ተቀመጠች። ይህን ስጠይቅ መልሱ ምን ቢሆን ጥሩ ነው? «አንተ አእምሮህን ክፈት!»