“አይሸጥም” ብሎ ክርክር

ሰሞኑን በአንድ የዩቲዩብ ውይይት ላይ ስለ “አዳማ” ሲወራ ሰማሁ። ከተማችን አዳማ አይደለም፤ በ2015 የወጣው የፈረንሳይ አኒሜሽን ፊልም ነው። (ዓመቶቹ ሁሉ በፈረንጅ አቆጣጠር ናቸው።) አንድ የምዕራብ አፍሪካ ልጅ ታላቅ ወንድሙን ፍለጋ ከመንደሩ ይወጣና በ1916 ፈረንሳይ ውስጥ እስካለው የአንደኛው የዓለም ጦርነት ሜዳ፣ ቬርደን ድረስ ይሄዳል። ከተወያዮቹ አንዱ “ቅኝ ግዛት በካርቱን አይሸጥም። አፍሪካውያን ራሳቸው እንኳን አላዩትም” ብሎ ወሬውን ዘጋው። ደሜ ፈላ።

የት ሄደው ይዩት? ዩኔስኮ በ2021 ባወጣው ጥናት፣ አፍሪካ ውስጥ አንድ የሲኒማ ስክሪን የሚደርሰው ለ787,402 ሰው ነው። ይህ እኮ ገበታ ሳያቀርቡለት “አልበላም አለ” ብሎ እንግዳን ማማት ነው።

የሸጠውንም እንይ። የ1999ኙ የዲዝኒ “ታርዛን” በዓለም ዙሪያ 448 ሚሊዮን ዶላር ገደማ አስገብቷል። ታሪኩ አፍሪካ ውስጥ ነው። ከእንግሊዝ የመጡ ነጮች አሉ፣ ጎሪላ አለ፣ ዝሆን አለ። ጥቁር ሰው ግን አንድም የለም። ገበያው የወደደው አገሬው የተሰረዘበትን አፍሪካ ነው።

አኒሜሽን ውድ ሥራ ነው፣ እሺ። ግን የፊልም ገቢ ትኬት ብቻ ነው ያለው ማነው?

በ2006 “ኢንዲዤን” የሚባል ፊልም ወጣ። አኒሜሽን አይደለም። በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ለፈረንሳይ ስለተዋጉ የሰሜን አፍሪካ ወታደሮች ነው። ፈረንሳይ በ1959 ባወጣችው ሕግ የቀድሞ ቅኝ ግዛቶቿን ወታደሮች የጦር ጡረታ ባለበት አስቁማው ነበር። አብሮ የተዋጋው ፈረንሳዊ ሲጨመርለት፣ የሞሮኮው፣ ኋላም የሴኔጋሉ እዚያው ቀረ። ከ40 ዓመት በላይ! አቤት አሉ፣ ፍርድ ቤት ሄዱ። ፊልሙ ሲመጣ ፕሬዚዳንት ዣክ ሺራክ አዩት፤ መንግሥታቸውም የ80 ሺህ ያህል ሰዎች ጡረታ ከፈረንሳውያኑ እኩል እንዲሆን ወሰነ። ይህ ገንዘብ በየትኛው የቦክስ ኦፊስ (የትኬት ገቢ) ሠንጠረዥ ላይ ተጻፈ? ለማን ገቢ ሆኖ ተቆጠረ? ለአንድ የሴኔጋል ሽማግሌ ግን የመድኃኒት መግዣ ነው፣ የልጅ ልጅ ማስተማሪያ ነው።

“አዳማ”ም የሚነካው ያንኑ ቁስል ነው። በአንደኛው የዓለም ጦርነት ፈረንሳይ ትገዛው ከነበረው ምዕራብ አፍሪካ 200 ሺህ ያህል ሰው ተመልምሏል፤ ብዙው በግድ። 30 ሺህ ያህሉ አልተመለሰም። የስምንት ዓመት ልጅ የጡረታ ሕግ አያነብም። ወንድሙ የጠፋበት ልጅ ጭንቀት ግን ይገባዋል። ለዚህ ነው ካርቱን የሚያስፈልገው።

ተወያዩ ኪሳራ ማስላት ከፈለገ ከ1959 ይጀምር። ጡረታቸው ሳይስተካከል፣ ፊልሙም ሳይሠራ የሞቱትን ሽማግሌዎች አብሮ ይቁጠርልን።