ይድረስ ለተከበሩ አቶ ኦፍ ዋይት፣ የሳሎናችን ግድግዳ ቀለም

ጉዳዩ፦ ቅሬታ ማቅረብን ይመለከታል

ለጤናዎ እንደምን ሰነበቱ? እኔ ከእርስዎ በቀር በጣም ደህና ነኝ።

እሁድ ዕለት ቤታችንን ለማስመረቅ ዘመድ ጠርተን ነበር። ታክሲ ቀያይረው፣ አቧራውን ችለው ኮዬ ፈጬ ድረስ መጡ። የባለቤቴ አክስት ገና ሶፋው ላይ ሳይደላደሉ ግድግዳውን ከላይ እስከ ታች ቃኙት። በመዳፋቸው ዳበስ አደረጉና «እሰይ ልጆቼ! ጄሶውንስ ጨርሳችኋል። ቀለም ሲቀባ ደግሞ እንዴት ያምር ይሆን!» አሉ።

ቤቱ ጸጥ አለ። ባለቤቴ ቡናውን ልይ ብላ ወደ ጓዳ ገባች። ቡናው ግን እዚሁ ፊታችን ነበር።

«እትዬ፣ ተቀብቷል እኮ። ያውም ሁለት እጅ።»

«አይዞህ ልጄ፣ የዘንድሮ ኑሮ ለማን ተመቸ?»

ከነጠላቸው ጫፍ ቋጠሮ ፈቱና አምስት መቶ ብር ጠረጴዛው ላይ አኖሩ። «ለቀለሙ ትሁን።» አጎትየው ተከተሉ። ከዚያማ ሳህን ዞረ። እምቢ ማለት ነውር፣ መቀበል ውርደት። በተቀባ ቤት ውስጥ ተቀምጬ የቀለም መዋጮ ተሰበሰበልኝ! ምርቃቱም «ለቀለሙ ያብቃችሁ» ነበር። አሜን አልኩ። ምን ልበል?

ከዚህ በኋላ አንቱታው ይቅር። አንተ ግን ማነህ? ካታሎጉ ላይ ለጋ ቅቤ ትመስላለህ። ቤት ስትገባ በነጩ አምፖል ትገረጣለህ፤ ከሰዓት ፀሐይ ሲያገኝህ ቢጫ ትላለህ። የምታምረው በሻማ ብቻ ነው። በሰፈራችን የመብራት ሁኔታ እሱንስ አላጣነውም።

ሳሎኑ ሳያልቅ አለቅህና አንድ ጋሎን ተጨመረ። ስሙ አንድ ነው። ሻጩም «ያው ነው» ብሎ ማለልኝ። ሲደርቅ ከመስኮቱ ወዲያ ያለው ሌላ ሰው ሆነ። በተለያየ ጊዜ የተመረተ ጋሎን አንድ በርሜል ውስጥ ካልተደባለቀ መልኩ እንደሚለያይ ቀቢው ነገረኝ። የነገረኝ ሒሳቡን ከተቀበለ በኋላ ነው።

የልጆቹን የእጅ አሻራ ተወው።

ጣሪያው ላይ ያለው ቡናማ ካርታ ግን ለቀልድም አይመች። ከላይኛው ቤት ሽንት ቤት የሚወርድ ነው። ቀቢው ባንተ ሸፈነው፤ በሳምንቱ መልሶ ወጣ። ውሃው ሳይቆም ቀለም ምን ያድርግ? በ1997 ተመዝግቤ፣ ዕጣ ጠብቄ፣ የባንክ ዕዳ ተሸክሜ የገባሁበት ቤት ነው። ለሚመለከተው ቢሮ አቤት ስል ቅጽ ሙላ አሉኝ፣ ሞላሁ። ኃላፊው ስብሰባ ላይ ናቸው። ማኅተም የያዘችው ልጅ ፈቃድ ላይ ናት። ስመለስ ፋይሌ የለም፤ እንደገና ሙላ። የሰው ሽንት ራሱ ላይ እየተንጠባጠበበት የሚያድር ሰው እንዴት «ሰኞ ና» ይባላል? የትኛው ሰኞ?

ላንተ ግን ሰኞ አያስፈልግህም። በመዋጮው ብር አረንጓዴ ልንገዛ ነው። ሙልጭ ያለ አረንጓዴ። እትዬ ለፋሲካ ሲመጡ እስቲ ጄሶ ነው ይበሉ።

ከሰላምታ ጋር

ግልባጭ፦ ለላይኛው ቤት ሽንት ቤት