«ነገ ነይ» አትበያት

አንድ ማርች 8 ላይ፣ እዚሁ ጎንደር፣ አንድ ሆቴል ለስብሰባ ተጠርቼ ነበር። ጉዳዩ በምግብና በመስተንግዶ ሥራ ያሉ ሴቶች እንዴት ይደጋገፉ የሚል ነው። ቡናው ጥሩ ነበር። ንግግሩም አይከፋም። የሐበሻ ቀሚሳችንን ለብሰን አጨበጨብን።

ለምሳ ስንነሳ መታጠቢያ ቤት ስፈልግ በር ተሳሳትኩና ከወጥ ቤቱ ጓሮ ወጣሁ። አንዲት ሴት የተገለበጠ የቢራ ሳጥን ላይ ተቀምጣለች። አጠገቧ ባዶ ዘንቢል አለ። የሆቴሉ እንጀራ አቅራቢ ናት። ሊነጋ ሲል 120 እንጀራ አስረክባለች። እስከዚያ ሰዓት የምትጠብቀው ግን የዚያን ቀኑን ሒሳብ አይደለም፤ ያለፉትን ሦስት ሳምንታት ነው። «ሒሳብ ክፍል ያለችው ልጅ ስብሰባ ላይ ናት አሉኝ። ስትወጣ ላግኛት ብዬ ነው» አለችኝ።

ያቺ ልጅ እኔ ጎን ነበር የተቀመጠችው። ከሁላችንም አብልጣ ስታጨበጭብ ነበር። ወጣችና አየቻት። «እትዬ፣ ዛሬ እኮ በዓላችን ነው፤ ነገ ነይ» አለቻት። በክፋት አልነበረም። ጉንጯን ስማት ነው የሄደችው።

ምሳ ላይ የቀረበው እንጀራ የዚያች ሴት ነበር። እኔም በላሁ።

ይህን የማወራው «የሴት ጠላቷ ሴት ናት» የሚለውን አባባል ላጸድቅ አይደለም። አባባሉን አልወደውም፤ እውነትም አይመስለኝም። ቅዳሜ ገበያ አካባቢ ባሉት ሰፈሮች እንጀራ ጋግረው የሚያስረክቡ ሴቶችን የሚያውቅ ሰው እንዲህ ሊል አይችልም።

እንጀራ የቀጠሮ ሥራ ነው። ዱቄቱ በእርሾ ይቦካል፣ ሁለት ሦስት ቀን ይቆያል፣ ከዚያ አብሲት ይጣልለታል። ሊጡ ከተነሳ በኋላ ጠብቀኝ ብትይው አይጠብቅም። ይኮመጥጣል፣ ዓይኑ ይጠፋል። ታዲያ ሊጡ ተነስቶ፣ የኤሌክትሪክ ምጣዱ ግሎ፣ ልክ ስትጀምሪ መብራት ይሄዳል። አንድ ሌሊት እንዲህ ሲሆን አይቻለሁ። ዘጠኝ ሰዓት ገደማ ነው። ሴትየዋ ምንም አላለችም። ባልዲውን አንስታ የጎረቤቷን ቆርቆሮ በር መታች። ጎረቤቷ የእንጨት ምድጃ አላት። እሷም እንጀራ ትሸጣለች፤ ለዚያውም ለዚያው ሰፈር ምግብ ቤቶች። በንግድ ቋንቋ ተፎካካሪ ናት። ነጠላዋን አደግድጋ ወጣች፣ ምጣዱን ጣደች፣ በማሰሻ ወለወለችው። አንዷ ስታሰፋ አንዷ አክንባሎ ስትከድንና ስታወጣ ነጋ። የባሕር ዛፉን ጭስ አትጠይቁኝ፤ እስከ ማታ ልብሴ ላይ ነበር። ሒሳብ አልተነሳም። «የማገዶ ስንት ልስጥሽ?» ያለ የለም። ነገ የሷ ዱቄት ሲያልቅ ይህችኛዋ እንደምታቀብላት ሁለቱም ያውቃሉ።

ስለዚህ «ሴቶች መደጋገፍን ይማሩ» የሚሉ ስብሰባዎች ሲበዙ ግራ ይገባኛል። እታች ያሉት ተምረው ጨርሰዋል። እቁቡም፣ እድሩም፣ እርሾ መዋዋሱም አለ። ችግሩ ድጋፉ ከምድጃው ተነስቶ ካሸሯ ጋ ሲደርስ መቆሙ ነው። እዚያ ላይ መሳም አለ፣ «የኔ እናት» አለ፣ ብር የለም።

ነገሩን በሒሳብ እንየው። እንጀራ ጋጋሪዋ ባንክ ብትሄድ ማስያዣ ትጠየቃለች። ቤቱ የኪራይ ነው፤ የራስ ቢሆንም ካርታው ብዙ ጊዜ በባል ስም ነው። እናት ባንክ በ2005 ዓ.ም. ሥራ ሲጀምር ሴቶች መሥራቾቹ ይህን ችግር ያውቁት ነበር፤ ለሴቶች ብድር ቅድሚያ እንሰጣለን ብለው የተነሱትም ለዚህ ነው። ግን ሁሉም ሴት ባንክ በር አትደርስም። እና ምን ይሆናል? ከባንክ መበደር የማትችለው ሴት ለሆቴል ታበድራለች። የሦስት ሳምንት እንጀራ፣ ያለ ወለድ፣ ያለ ፊርማ። ጤፉን ደግሞ ራሷ በዱቤ ነው ያመጣችው።

የሆቴል ባለቤቶችን ብጠይቅ ምን እንደሚሉኝ አውቃለሁ፤ ከነሱም ውስጥ ሴቶች አሉ። ከኮሮና ወዲህ ጎንደር እንደ ድሮው አይደለም። ጦርነቱ መጣ፣ በ2015 ክረምት ደግሞ የክልሉ ግጭትና የአስቸኳይ ጊዜ አዋጁ። ፋሲል ግቢን ሊያይ የሚመጣው ፈረንጅ ሲጠፋ ሆቴሉ የሚተማመነው በስብሰባና በሥልጠና ነው። ስብሰባ የሚያዘጋጀው መሥሪያ ቤት ደግሞ አዳራሹንም ምሳውንም በዱቤ ተጠቅሞ ክፍያውን ወራት ያቆያል። እውነት ነው። እኔም የተጋበዝኩበት የሴቶች ስብሰባ ሒሳብ በዚያው ሳምንት መከፈሉን እጠራጠራለሁ። ግን የዘገየው ገንዘብ ሁልጊዜ አንድ አቅጣጫ ይዞ ይወርዳል፤ መጨረሻው ባዶዋ ዘንቢል ላይ ነው። የቢራ አከፋፋይ «ነገ ና» አይባልም። ሳጥኑን ይዞ ይመለሳላ!

አስተናጋጆቹም ዘንድ ነገሩ ተመሳሳይ ነው። የአሠሪና ሠራተኛ አዋጁ፣ 1156/2011፣ ለወላድ ከመውለዷ በፊት 30፣ ከወለደች በኋላ 90 ቀን ከነደመወዟ ይሰጣል። ነፍሰ ጡርን ከምሽቱ 4 ሰዓት በኋላ አታሠሩ ይላል። ሆዷ ሲገፋ «እስክትወልጂ ዕረፊ» ተብላ በዚያው የቀረች ልጅ ግን አውቃለሁ። ያሰናበተቻት ሴት ናት፤ ራሷ የሦስት ልጆች እናት። ሌላው ቢቀር ሌሊት ለምትወጣ አስተናጋጅ የባጃጅ መክፈል ምን ያህል ይከብዳል? አንድ ክትፎ አይሞላም።

ደግሞ በኛ ከተማ ይህ ሥራ መናቁ ይገርመኛል። አፈ ታሪኩ ትዝ ይበላችሁ። አፄ በካፋ ማንነታቸውን ደብቀው ሲዞሩ ቋራ ላይ ታመሙ፤ አንድ ቤት አስጠጋቸው፣ የቤቱ ልጅ አስታመመቻቸው። ያቺ ልጅ በኋላ እቴጌ ምንትዋብ ሆነች፤ በልጇ ዘመን አገር አስተዳደረች፣ ቁስቋምን አሠራች። እንግዳ በማስተናገድ የተጀመረ ታሪክ ነው። ዛሬ ቢሆን ሃምሳ ብር ቲፕ ተሰጥቷት ትቀር ነበር።

አራዳ አካባቢ አንዲት ትንሽ ምግብ ቤት አለች። ዓርብና ሮብ በያይነቱዋን የማይበላ የለም። ባለቤቷ ሴት ናት። ስብሰባ ላይ አይቻት አላውቅም። አንድ ጠዋት ቁርስ ልበላ ገብቼ እንጀራ አቅራቢዋ መጣች። ዘንቢሉን ገና ሳታወርድ ባለቤቷ ከመቀነቷ ብር ፈታች።

«መጀመሪያ ይኸን ያዢ፣ ከዚያ እንቆጥራለን።»

ቆጠሩ። ሃምሳ መሆን የነበረበት አርባ ዘጠኝ ሆነ። ጋጋሪዋ ደነገጠች፣ ደግማ ቆጠረች፤ ያው ነው። የጎደለውን የአንዱን እንጀራ ብር መልሳ ልትሰጣት እጇን ዘረጋች፤ ሴትየዋ ጣቶቿን መልሳ አጠፈችባት።

«ተይው፣ ነገ ታመጫለሽ።»

በማግስቱ ሆን ብዬ ተመለስኩ። ሃምሳ ሁለት አመጣች። አንዱ የትናንቱ፣ አንዱ ምርቃት።