9 በመቶው የየትኛው ወንዝ ነው?

እ.ኤ.አ. በ2021 በአላስካና በሩሲያ መካከል ባለው ቤሪንግ ባሕር ፖሎክ የተባለውን ዓሣ የሚያጠምዱ መርከቦች ከ540 ሺህ በላይ ቸም የተባለ የሳልሞን ዓሣ ሳይፈልጉት በመረባቸው አወጡ። በዚያው ዓመት ወደ አላስካው ዩኮን ወንዝ የተመለሰው ቸም እጅግ በማነሱ የአካባቢው ነባር ሕዝቦች ለቀለባቸው እንኳ እንዳያጠምዱ ተከለከሉ። በኋላ የዘረመል ምርመራው ውጤት ሲወጣ፣ መርከቦቹ ከያዙት ቸም ከግማሽ በላዩ የእስያ ሆኖ ተገኘ፤ የምዕራብ አላስካው ድርሻ 9 በመቶ ገደማ፣ በቁጥር 51 ሺህ ያህል ነበር። አንዱ ወገን «9 በመቶ ብቻ» ይላል፣ ሌላው «51 ሺህ ዓሣ» ይላል። ቁጥሩ እንዴት እንደተገኘና ምን ሊነግረን እንደማይችል ግን በክርክሩ ውስጥ እምብዛም አይነሳም።

ሳልሞን ባሕር ውስጥ ዓመታት ከርሞ እንቁላሉን ለመጣል ወደተፈለፈለበት ወንዝ ይመለሳል። በየወንዙ ያሉት ዓሦች ለብዙ ትውልድ እርስ በርሳቸው ሲዋለዱ ዲኤንኤያቸው ላይ ጥቃቅን ልዩነቶች ይጠራቀማሉ። ባሕር ላይ የተያዘ ዓሣ ምንጩ የሚገመተው እነዚህን ልዩነቶች ከየወንዙ ከተሰበሰበ የማነጻጸሪያ መዝገብ ጋር በማስተያየት ነው።

ሥራው ከመርከቡ ላይ ይጀምራል። የሚያዘውን ዓሣ የሚመዘግበው ታዛቢ ከሆድ ክንፉ ሥር ካለችው ሥጋማ ጫፍ የጥፍር ያህል ቆርጦ ይወስዳል። በቤሪንግ ባሕር ደንቡ ከየ30ው ቸም አንዱ ነው፤ ከ2011 በፊት ናሙናው እንደ አጋጣሚ ይወሰድ ስለነበር የዚያን ዘመን ቁጥር ከዛሬው ጋር ማወዳደር አይመከርም። ስህተቱም እዚሁ ይጀምራል። መቀሱ በየዓሣው መካከል ካልተጠረገ የሁለት ዓሣ ዲኤንኤ ይቀላቀላል። ናሙናው የሚቀመጥበት የአልኮል ብልቃጥ በሥጋ ከታጨቀ ከሥጋው የሚወጣው ውኃ አልኮሉን ያቀጥነውና ናሙናው ይበሰብሳል። በእስክሪብቶ የተጻፈ መለያ አልኮል ሲነካው ይጠፋል፤ እርሳስ ይሻላል። ቤተ ሙከራው ከዘረመል ምልክቶቹ ቢያንስ 80 በመቶ ያህሉ ካልተነበቡለት ናሙናውን ይጥላል። ጉዳት የሚያመጣው ግን የሚጣለው ብዛት ብቻ አይደለም። የተጣሉት በአብዛኛው ከአንድ መርከብ ወይም ከአንድ ሳምንት የመጡ ከሆነ የቀሩት ናሙናዎች ያጋደለ ምስል ይሰጣሉ።

መዝገቡ ከዚህም ይበልጥ ጥንቃቄ ይፈልጋል። ከእያንዳንዱ መራቢያ ቦታ 100 ያህል የጎለመሱ ዓሦች ያስፈልጋሉ፤ ቢቻል ከአንድ በላይ ዓመት የተሰበሰቡ። ጊዜ ለመቆጠብ ጫጩት የሚሰበስብ ሰው የጥቂት ጥንዶችን ልጆች ይዞ ይመለሳል፤ መዝገቡም አንድን ቤተሰብ እንደ አንድ ሕዝብ ይቆጥራል። ናሙና ጨርሶ ያልተወሰደለት ወንዝ ካለ ደግሞ የዚያ ወንዝ ዓሣ ለቅርብ ዘመዱ ይሰጣል። የተለመዱት የኮምፒውተር ፕሮግራሞች ድርሻውን በመዝገቡ ውስጥ ላሉት ብቻ ነው የሚያከፋፍሉት፤ «ይህን አላውቀውም» ማለት አልተማሩም።

ሶካይ ሳልሞን ለዚህ ሥራ የተፈጠረ ይመስላል። አብዛኛው ጫጩት ሐይቅ ውስጥ ስለሚያድግ በየሐይቁ ተነጥሎ የኖረው ወገን በግልጽ ይለያል። ወደ አላስካው ብሪስቶል ቤይ የሚጓዘው ሶካይ ገና ፖርት ሞለር አካባቢ ሳለ የሙከራ ጀልባ ናሙና ወስዳ አንኮሬጅ ከተማ ወዳለው ቤተ ሙከራ ትልካለች። ዓሣው ወደ ባሕረ ሰላጤው ለመድረስ ሳምንት ገደማ ስለሚፈጅበት፣ አስተዳዳሪዎቹ ለየትኛው ወንዝ ስንት እየመጣ እንደሆነ ቀድመው ይገምታሉ።

ቸም እንዲህ አይደለም። ሐይቅ አያስፈልገውም፤ በዝቅተኛው የምዕራብ አላስካ ጠረፍ ወንዞች መካከል ያለው የዘረመል ልዩነትም እጅግ ትንሽ ነው። ስለዚህ ከኖርተን ሳውንድ እስከ ብሪስቶል ቤይ ያለው ሁሉ፣ የታችኛው ዩኮንና ኩስኮክዊምም ጭምር፣ በአንድ ምድብ ይታሰራል። የሚለየው የላይኛውና የመካከለኛው ዩኮን ቸም ነው። ከ51 ሺሁ ውስጥ ለኩስኮክዊም ስንት እንደሚደርስ ለሚጠይቅ ከዚህ ምርመራ መልስ የለም።

የስህተት ህዳጉም አለ። 200 ዓሣ ተመርምሮ ግማሹ የአንድ ምድብ ሆኖ ቢገኝ፣ ከናሙና ዕጣ ብቻ የሚመጣው ህዳግ ወደላይም ወደታችም 7 በመቶ ነጥብ ይሆናል። ድርሻው 2 በመቶ ለሆነ ምድብ ደግሞ ከ200ው ውስጥ የሚጠበቀው 4 ዓሣ ነው፤ እውነቱ ከዜሮ ትንሽ ከፍ ብሎ ወይም 4 በመቶ ሊሆን ይችላል። የተጎዳ ወንዝ ድርሻ ብዙ ጊዜ ትንሽ ነውና ህዳጉን ቆርጦ «9 በመቶ» ብሎ መጥቀስ የሚጎዳው እሱን ነው።

እንግዲህ ዘዴው አይረባም ማለት ነው? በፍጹም። ዓመት አልፎ ዓመት ሲደገም አንድ ነገር ጎልቶ ወጥቷል፦ የምዕራብ አላስካ ቸም ድርሻ በአላስካ ልሳነ ምድር አቅራቢያ ከፍ ይላል፣ ወደ ሰሜን ምዕራብ ሲኬድ የእስያው ይበዛል። ለዚህ ነው መርከቦች በሚይዙት ጠቅላላ የቸም ብዛት ላይ ብቻ ጣሪያ፣ ማለትም የማይታለፍ ገደብ፣ መጣል የማልስማማበት። ልሳነ ምድሩን ሸሽቶ ወደ ሰሜን ምዕራብ የሄደ ካፒቴን፣ በቁጥር ብዙ ቸም፣ አብዛኛውንም የእስያ፣ ሊይዝ ይችላል። ጠቅላላ ጣሪያ እሱን ይቀጣዋል፤ ልሳነ ምድሩ አጠገብ ጥቂት ይዞ ብዙ የምዕራብ አላስካ ዓሣ የገደለውን ያልፈዋል።

ጣሪያውን በምንጭ ማስላትም ችግር አለው፤ ውጤቱ የሚደርሰው የማጥመጃው ወቅት ካለፈ በኋላ ነው። ብሪስቶል ቤይ ላይ ፍጥነቱ የተገኘው ናሙናው ከአንድ የሙከራ ሥራ ስለሚመጣ ነው፤ ከብዙ መርከቦችና ፋብሪካዎች የሚሰበሰበው የቤሪንግ ናሙና እንዲያ ይፍጠን ማለት ቀልድ ይሆናል። ያለፉት ዓመታት ካርታ ግን በእጅ አለ። በእሱ ተመርቶ ልሳነ ምድሩ አጠገብ ያለውን ስፍራ የቸም ቁጥር ከፍ በሚልባቸው ሳምንታት መዝጋት ይቻላል። ለዚህ ውሳኔ ዓሣው የኩስኮክዊም ይሁን የኖርተን ሳውንድ መለየት አያስፈልግም።

ወንዝ ከወንዝ የሚለይ አዲስ ምልክት ፍለጋ ይቀጥል፤ ብዙ የዲኤንኤ ክፍል በተነበበ ቁጥር አንዳንድ ምድብ ሊከፈል ይችላል። በጀት ሲመደብ ግን ቅድሚያውን የምሰጠው ለውድ ማሽን አይደለም፤ በጀልባና በትንሽ አውሮፕላን ናሙና ወዳልተወሰደባቸው መራቢያ ቦታዎች ሄደው 100 የጎለመሱ ዓሦች ይዘው ለሚመለሱት ነው።